ሁለት የዋንዛ ጉማጆች

ደሳለኝ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በውሃው ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ነው። ዕድሜው ስድሳ አልሞላም። ቁመተ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ጎረቤቶቹ ስለ እሱ ሲያወሩ ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ችግሩን ማወቁ ነው። ሁለተኛው ስግደቱ ነው። በስቅለት ቀን በሰፈሩ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከጠዋት ጀምሮ ይሰግድ ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ወጣቶቹ ጥላ ፍለጋ ይሸሻሉ፤ እሱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ቦታውም የታወቀ ነው፤ ከደወሉ አጠገብ፣ ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም ቁልቁል ከሚታዩበት ጥግ።

ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ ወድቆ ዳሌውን ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያለ ምርኩዝ መራመድ ቻለ። ጎንበስ ማለት ግን እምቢ አለው። እጁ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ወገቡ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ሆነ። ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ተሾመች ናት። ሽንኩርቱን የሚነቅሉለት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ይህን ሁሉ ሳያጉረመርም ተቀበለ።

ያልተቀበለው ባለፈው ዓመት በስቅለት የደረሰበትን ነው። በዕለቱ ጸሎቱ ሊያበቃ ሲል ሕዝቡ በተራ ወደ ካህኑ ይቀርባል። ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉና የሚሰግደውን ቁጥር ይነግሩታል፤ ሰውየውም ያንን ሰግዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የደሳለኝ ተራ ሲደርስ መምሬ እንየው ቅርንጫፉን ትከሻው ላይ ለስለስ አድርገው አሳረፉና፣ «አንተ ታማሚ ነህ፤ ስግደት የለብህም። አቡነ ዘበሰማያት ደግመህ ግባ» አሉት። የተናገሩት በደግነት ነበር። ደሳለኝ መስቀል ተሳልሞ ወጣ።  በማግሥቱ ለተሾመች፣ «ከሰው ቁጥር አወጡኝ» አላት።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደሴ ወጥቶ ሲከታተልበት ወደነበረው ሆስፒታል ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሰላማዊት ወገቡን እያየች ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«ግንባሬ መሬት እንዲነካ» አላት።

ቀና ብላ አየችው፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀችም። ከመደርደሪያው ላይ የጡብ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀላል ነገሮች አወረደች።

«እነዚህ የዮጋ ብሎክ ይባላሉ» አለችው። «ዮጋ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው መሬት አልደርስ ሲል ይደገፉባቸዋል። እርስዎ ወደ መሬት መውረድ ካልቻሉ መሬቱ ትንሽ ወደ እርስዎ ይምጣ። አዩት? ሲያቆሙት ረጅም ነው፤ በጎኑ ሲያጋድሙት መካከለኛ፤ በሆዱ ሲያስተኙት አጭር። የሚጀምሩት በረጅሙ ነው። ወገብዎ ሲፈቅድ ዝቅ ያደርጉታል።»

ብሎኮቹ የሆስፒታሉ ስለሆኑ ለራሱ ከእንጨት እንዲያሠራ ነገረችው። እንጨቱም ቀላል፣ እጅ የማያንሸራትት፣ ሲጫኑት የማይጎደጉድ፣ ጠርዙ ያልሰላ እንዲሆን፤ ሁለቱም አንድ ልክ እንዲሆኑ አሳሰበችው። ደሳለኝ በጥሞና ሰማት። ሐይቅ ሲደርስ ግን የያዘው የራሱን ሐሳብ ነበር።

አናጢው ኑርዬ አብሮ አደጉ ነው፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ነው። ሁዳዴውና ረመዳኑ ስለተገናኙ ሁለቱም ጾመኞች ነበሩ። በመላጊያው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ውሃ እንኳ ሳይቀርብ ተቀመጡ።

«ከወይራ አድርግልኝ» አለ ደሳለኝ።

«ወይራ ለምን? ዋንዛ አለልህ እኮ፤ ደረቅ፣ ቀላል።»

«በስቅለት የምንቸበቸበው በወይራ ነው።»

ኑርዬ ሳቀ። «ወላሂ፣ የእናንተ ቄስ የሚይዙት ቅርንጫፍ ነው። አንተ ግንዱን ልትሸከም አሰብክ?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ወይራ ይከብዳል፤ ደግሞ ሲላግ እንደ መስታወት ነው። እጅህ ካላበው ያመልጥሃል።»

«ቁመቱንም አሳጥረው። በሁሉም ጎኑ አጭር ይሁን።»

«ሐኪሟ እንደዚያ አለችህ?»

ደሳለኝ ወደ መንገዱ ዞረ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ከፍ ያለ እንጨት ይዤ ሰው መሐል ብቆም ምን ይሉኛል?» አለ በመጨረሻ። «ዝቅ ካለ ማንም ልብ አይለውም።»

ኑርዬ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። የጠየቀውን ሠርቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ሰጠው። እውነትም የሚያምሩ ነበሩ፤ የወይራው ጥቁር ጅማት እንደ ውሃ ሞገድ ይታያል።

ደሳለኝ በየማለዳው ተሾመች ከመነሳቷ በፊት ሳሎኑ ውስጥ ይለማመድ ጀመር። እጁን ወደ እንጨቶቹ ለማድረስ ወገቡን ይጎትታል፤ ትንፋሹን ይይዛል። ሁዳዴው ሳይጋመስ አንድ ማለዳ እጁ ደረሰ። ክብደቱን ሲጥልበት ግን ላብ ባረጠበው መዳፉ ሥር የቀኙ እንጨት ሲሚንቶው ላይ ተንሸራተተ፤ ደሳለኝም በተሰበረው ጎኑ ወደቀ።

ተሾመች ሮጣ ስትደርስ መሬት ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን እያየ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ መሬት ግንባርህን ናፍቃ ሞተች አሉህ?» አለችው። ድምፅዋ የቁጣ ነበር፤ ከወለሉ ግን ቀስ አድርጋ አነሳችው።

ዳሌው ደህና ነበር፤ የእጁ አንጓ አበጠ። እስኪያገግም ልምምዱ ቆመ። ተሾመች ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ፣ ጨርቅ ለብዳ ሰጠችው። ሲደገፍበት ሰመጠና አንድ ጎኑ ተጣመመ። እሱም ገፋ አድርጎ ተወው፣ እሷም ለትራስ አደረገችው። የወይራ እንጨቶቹን በሩ ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ንፋስ ሲነሳ በሩን እንዲይዙ።

የእጁ እብጠት ሲቀንስ ደሳለኝ ወደ ኑርዬ ተመለሰ። ኑርዬ ያበጠውን አንጓ አየ። «ብዬህ ነበር» አላለም፤ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ከጥግ የዋንዛ ጣውላ ሳበ።

«ቁመቱስ?» ሲል ጠየቀ።

«ልጅቷ እንዳለችው» አለ ደሳለኝ። «ሲቆም ረጅም፣ ሲጋደም መካከለኛ፣ ሲተኛ አጭር።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉ ይየው።»

ኑርዬ ሁለቱን ጉማጆች ቆርጦ ጎን ለጎን አቆማቸው፤ አንዱ በጥቂቱ ስለበለጠ መልሶ ላገው። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አደበዘዘ። ቫርኒሽ አልቀባቸውም። ደሳለኝ እጁን አሳረፈባቸው፤ እንጨቱ ሻከር ብሎ ያዘው።

«እኔም አርጅቼ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ» አለ ኑርዬ ሰጋቱራውን ከላዩ እያራገፈ፣ «ከሰላት መነሻ መደገፊያ ትሰጠኛለህ።»

«ያኔ ራስህ ትሠራለህ።»

«አናጢ ለራሱ መቼ ይሠራል? ቤቴ ያለውን ወንበር አላየኸውም?»

ደሳለኝ ከወደቀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የቀረውን ሁዳዴ በረጅሙ ጎን ሠራ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ወደ መካከለኛው ወረደ፤ እዚያው ቆመ። አጭሩን ሞከረው፣ ወገቡ እምቢ አለ፤ ሳይጎትተው ተወው።

በስቅለት ማለዳ ጉማጆቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ወደ ገብርኤል ወጣ። ከደወሉ አጠገብ ሣሩ ላይ በጎናቸው አጋደማቸው። ከኋላው የነበሩ ሰዎች ተንሾካሾኩ። አንዱ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ ሲያይ አባቱ በክርኑ ጎሸመው። ደሳለኝ አልዞረም። ሕዝቡ ሲወርድ ይወርዳል፤ መዳፎቹ ዋንዛው ላይ ያርፋሉ፣ ራሱ በሁለቱ መሐል ዝቅ ይላል፣ ሣሩን ያያል፣ አይነካውም። ሌላው ሁለት ጊዜ ሲሰግድ እሱ አንድ ጊዜ ነው። ሲደክመው ይቆማል፤ ትንፋሹ ሲመለስ ይቀጥላል። እንደ ዱሮው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ጸሎቱ ሊያበቃ ሲል ተሰለፈ። መምሬ እንየው ቅርንጫፉን እንዳነሱ ዓይናቸው ብብቱ ሥር ባለው ከረጢት ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«እንጨት ነው፣ አባቴ። ስሰግድ እጄን የማሳርፍበት።»

«ግንባርህ መሬት ይነካል?»

ከኋላው ያሉት ሰዎች ይሰሙ ነበር። «ይነካል» ቢል ማንም ጎንበስ ብሎ አይለካም።

«አይነካም» አለ ደሳለኝ። «ስንዝር ይቀረዋል።»

መምሬ እንየው ቅርንጫፉን ከፍ አድርገው ጀርባውን መቱት፤ ቅጠል ረገፈ። ቁጥርም ነገሩት። ከፊቱ ለነበረው ሰው ከነገሩት አላነሰም።

ደሳለኝ መስቀል ተሳልሞ ወደ ጥጉ ተመለሰ። ሕዝቡ ተራ በተራ እየጨረሰ ከግቢው ወጣ፤ ከታች የሐይቁ ውሃ መጥቆር ጀመረ። ተሾመች ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሱ መጣች። እንጨቶቹ ላይ ተደግፎ ሲያርፍ ስታየው የጨረሰ መሰላትና ልታነሳቸው እጇን ሰደደች።

«ተያቸው» አላት። «ገና ነኝ።»

እጇን ሰበሰበች፤ ከደወሉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣም ጠበቀችው።