አላየሁም ያልኩት ጆንያ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እሳቸውን ባገኘኋቸው ቁጥር ቀለል ቀለል ያለውን ኃጢአት እየመረጥኩ ነው የማቀርበው፤ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን። መስቀል ተሳልሜ ወጣ እላለሁ። ይኸኛው ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ዛሬ የማታውቁኝ እናንተ ስሙኝ። ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ፤ የሚታዘንልኝ ሰው አይደለሁም።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳወጣና ስመልስ የኖርኩ ነኝ። አንድ ዓመት "ሠራተኛ አንድ ወንበር ላይ አይዛግ" ተባለና ጊዜያዊ ምደባ የሚሉት መጣ። ለጥቂት ወራት ወደ ሌላ ክፍል ሄደን ሠርተን፣ ልምድ ቀስመን፣ ተገምግመን እንመለሳለን። ግምገማው ያማረለት ለቡድን መሪነት ይታጫል። ለእኔ ንግድ ቁጥጥር ደረሰኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከዚያ አቧራ ወጥቼ ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በርበሬ በረንዳን ስዞር፣ ትልልቅ ነጋዴ ከመቀመጫው ሲነሣልኝ፣ ገና ያን ጊዜ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ቁጥጥር ክፍል አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። ነጋዴን የሚያስቀይም ውሳኔ፣ በተለይ ሱቅ ማሸግ፣ በምደባ ለመጣ ሰው ይቀመጥለታል። ቋሚዎቹ አይነኩትም። የክፍሉ አንጋፋ ጋሼ ታምራት ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። "እኛ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እዚሁ ስንተያይ የምንኖር ነን። አንቺ ሂያጅ ነሽ። ሂያጅ ይፈርም።" እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

እትዬ ነፊሳን ያወቅኋቸው በዚያው ሰሞን ነው። በረንዳው ላይ በርበሬና ኮረሪማ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የስልጤ ሴት ናቸው። ከዚያች ጠባብ የቀበሌ ኪራይ ሱቅ በቀር ምንም አልነበራቸውም፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን የሚያበሉትም የሚያስተምሩትም በእሷ ነው። የመጀመሪያ ቀን በርበሬው አፍንጫዬን አቃጥሎኝ ሳስነጥስ ውሃ ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። "ሳያስነጥስ በርበሬ በረንዳ የገባ የለም ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር በርጩማ ያወጡልኛል፣ የቤት የቤቱን እንጫወታለን።

እዚያ ሰፈር ጠዋት ጭነት ሲራገፍ የአንዱ ጆንያ በሌላው ደጃፍ ያርፋል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ነገ ደግሞ የሁሉም ተራ ይደርሳል። ስለዚህ "ከደጄ አንሡልኝ" የሚል የለም፤ ቢል ነውረኛ ይባላል። አንድ ጠዋት ከጎናቸው ካለው የአቶ ደግፌ መጋዘን አንድ ተሸካሚ የተፈጨ በርበሬ ጆንያ ይዞ ወጣና እትዬ ነፊሳ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። አይቻለሁ። ከመጋዘኑ በር ሲወጣ አይቻለሁ፣ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ፣ እትዬ ነፊሳ "ቀስ በል፣ እንዳይደፋብህ" ሲሉትም ሰምቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ታምራት ጥቆማ ደርሷቸው መጡ። ጆንያው ተፈታ፤ በርበሬው ውስጥ የጡብ ዱቄት ተገኘ።

"የእኔ አይደለም" አሉ እትዬ ነፊሳ። "የአቶ ደግፌ ነው። ለአፍታ ነው ያስቀመጡት።"

አቶ ደግፌ ከመጋዘናቸው በር ሳይንቀሳቀሱ፣ "ደጇ ላይ የተገኘ ዕቃ እንዴት የእኔ ይሆናል?" አሉ። ተሸካሚው ነገሩን ሲያይ ጊዜ ተሰውሯል። ይሄኔ እትዬ ነፊሳ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ እዚህ ቆመሽ አልነበር? አላየሽም?"

አቶ ደግፌ ከኃላፊያችን ጋር ምሳ የሚበሉ ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ። ግምገማዬ መድረሱንም አውቃለሁ። ጋሼ ታምራት መሬት መሬት ያያሉ።

"አላየሁም" አልኩ። "ፊቴን ወዲያ አዙሬ ነበር።"

ማን አስገደደኝ? ማንም። ማን አስፈራራኝ? ማንም። ጋሼ ታምራት እንኳ ዝም አሉ እንጂ ዋሺ አላሉኝም። እኔ ነኝ አላየሁም ያልኩት፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት፣ "ታሽጓል" የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ሙጫው አልይዝ ሲል በመዳፌ ደህና አድርጌ ተጫንኩት። እትዬ ነፊሳ ከኋላዬ ቆመው ያለቅሱ ነበር፣ እኔ ደግሞ ወረቀቱ ተጣሞ እንዳይሆን እጨነቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህ?

ከዚያ በኋላ ቢሮ ይመላለሱ ጀመር። የሚመጡት ወደ እኔ ነው፤ ከቢሮው ሰው የሚቀርቡት እኔን ብቻ ነዋ። አላየሁም ያልኩትን አምነውኛል፤ ወረቀቱን የለጠፍኩትም ታዝዤ ነው የመሰላቸው። "አይዞዎት፣ እየተከታተልኩልዎት ነው" እላቸዋለሁ። የምከታተለው የራሴን ግምገማ ነበር። ምደባዬ አልቆ ለሚተካኝ ልጅ ሥራ ሳስረክብ ሁሉን ነገርኩት፤ የትኛው መሳቢያ እንደሚያስቸግር፣ ጥሩ ሻይ የት እንዳለ፣ ከአለቆቹ ማን ቁጡ እንደሆነ። ስለ ጆንያው ትንፍሽ አላልኩም። ልጁም እትዬ ነፊሳ ሲመጡ "እኔ አዲስ ነኝ፣ ጉዳዩን አላውቀውም" አላቸው፤ እውነቱን ነው። ከእሱ በኋላ የመጣውም አዲስ ነበር። ነገሩ ከአዲስ ወደ አዲስ ሲንከባለል ከርሞ ሱቁ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እኔ ከዚያ በኋላ ወደዚያው ቁጥጥር ክፍል ቡድን መሪ ሆኜ ተመለስኩ። አሁን በምደባ የሚመጡትን ተቀብዬ "ልምድ ቅሰሙ" እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንዲት ተመዳቢ የአንድ ሱቅ ማሸጊያ ወረቀት ላይ ማን ይፈርም ብላ ብትጠይቀኝ፣ "አንቺ ፈርሚ፣ ሂያጅ ነሽ" አልኳት። ከአፌ እንደወጣ ራሴ ላይ ልተፋ ቃጣኝ። ግን ቃሉን አልመለስኩትም፤ ልጅቷ ፈረመች።

በዚያው ሰሞን አውቶቡስ ተራ ዘመድ ልሸኝ ሄጄ እትዬ ነፊሳን አየኋቸው። መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ሎሚና ዝንጅብል ይሸጣሉ። ላልፋቸው ነበር። አዎ፣ አንገቴን ደፍቼ ላልፋቸው! እሳቸው ግን ለይተውኝ "ልጄ!" ብለው ተነሡ፤ አገላብጠው ሳሙኝ። ትልቋ ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት እንደምትሠራ ነገሩኝ። ከዚያ እጄን እንደያዙ፣

"ያን ጊዜ ባያዛውሩሽ ኖሮ ሱቄን ታስከፍቺልኝ ነበር" አሉኝ። "ለልጆቼ ሁሌ እነግራቸዋለሁ፤ አንድ የምታስብልኝ ነበረች፣ እሷንም ወሰዱብኝ እያልኩ። አላህ ከፍ ያድርግሽ ልጄ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እሳቸው የተወጉት በማን እንደሆነ እንኳ አላወቁም። እዚያው ልነግራቸው እችል ነበር። "አይቻለሁ" ማለት ብቻ ነበር፣ አንድ ቃል። ሱቁ ባይመለስም እውነቱ ይገባቸው ነበር።

"አሜን" አልኩ። ምርቃቱን ተቀብዬ፣ በፌስታል ያስያዙኝን ሎሚ አንጠልጥዬ ሄድኩ።

አንድ የቀረኝን ልናገር፣ ከሁሉም የሚቀፈኝ እሱ ነውና። አሜን ስል አላፈርኩም። አላወቁብኝም ብዬ ደስ አለኝ። ዋሽቼ መፈረሜን ምናልባት ይቅር የሚለኝ ይኖራል። ያን ደስታዬን ግን ይቅር በሉኝ ብዬ አልጠይቃችሁም።