በክር የታሰረው ሙዳይ

ባለፈው እሑድ፣ እዚህ ኦስሎ፣ የደብራችን ሴቶች ለባዛር የሚሸጠውን የእጅ ሥራ እንድመርጥላቸው ስፌቶቹን ፊቴ ደረደሩልኝ። እኔ የእያንዳንዱን ክዳን እየከፈትኩ እጄን እስከ ታች ስከት፣ "ጊንጥ አለበት ብለሽ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁ፤ መፈተሼን ግን አልተውኩም።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። መቱ ከተማ ላይ የእጅ ሥራ ባዛር ሊከፈት ነው። ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ዘነበች ስፌት ሰፊ ነበሩ። ኡካ ከተማ የታመመች ዘመድ ሊጠይቁ ሲነሡ "ከሠራሁት የወደድሽውን መርጠሽ ሽጪ" አሉኝ። ከጓደኛዬ ከጫልቱ ጋር ቤቱን አገላበጥነው።

"እንዲህ ያለው በየቤቱ አለ፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?" አለች ጫልቱ። "ዓይን የሚስብ ነገር አምጪ እንጂ!"

ከእትዬ አልጋ ሥር በቀይና በአረንጓዴ የተሰፋ ትልቅ ሙዳይ ሳብኩ። ክዳኑ ከአፉ ጋር በክር ታስሯል። ይህ አልገረመኝም፤ እትዬ አዲስ ስፌት ሲደርቅ እንዳይጣመም እንዲሁ ያስሩት ነበር። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት እንኳ አንድ በአንድ ገልብጬ የማይ ልጅ፣ ያንን ክር አልፈታሁም።

ባዛሩ ገና ሳይጋመስ ከጎሬ ወዲያ ከቡሬ የመጣች አንዲት ሴት ወሰደችው። "ልጄ ወልዳለች፤ ለአራስ ቤቷ ጌጥ ይሆናል" አለችኝ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ እንደምትኖር ሳይቀር አጫወተችኝ።

እትዬ በማግሥቱ ሲመለሱ እየሮጥኩ አበሠርኳቸው። አልጋው ሥር ጎንበስ ብለው ቆዩ።

"የትኛውን ነው የሸጥሽው?"

"የታሰረውን።"

መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። "መገነዣዬን? መገነዣዬን ሸጥሽው፣ ልጄ?"

ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ አሠርተው፣ ጠበል አስነክተው ለሞታቸው ቀን ያኖሩትን ነጭ ጨርቅ ነበር የሸጥኩት።

ሲነጋ አውቶብስ ተሳፈርን። ኅዳር ነበር፤ ከጎሬ ወዲያ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። እትዬ መንገዱን ሙሉ ዳዊት ሲደግሙ እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።

ቡሬ ስንደርስ ቤቱ ቅቤ ቅቤና ገንፎ ገንፎ ይሸታል። ሴትዮዋ በደስታ ተቀበለችን። "ኮታ! ኑ፣ ግቡ! ከሙዳዩ ጋር ስጦታ አስቀምጣችሁልን አይደል? ዋቃ ይስጣችሁ!"

አራሷ እቅፏን ገለጥ አደረገችልን። የሦስት ቀን ሕፃን በእትዬ መገነዣ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ግድግዳውን ያዝኩ። እትዬ ግን ሕፃኗን ተቀብለው ጨርቁን ዳሰሱ፤ ጫፉን በአገጯ ሥር አስተካከሉና "እደጊ፤ ለወግ ለማዕረግ ብቂ" ብለው እንትፍ እንትፍ አሉባት። ገንፎውንም በሉ። እኔ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመስኩም።

"ለምን አልነገሯቸውም?" አልኳቸው ስንወጣ።

"ለአራስ? ምን ብዬ? ጌታችንስ ሲወለድም ሲገነዝም በጨርቅ አይደለም የተጠቀለለው?" ጥቂት ተራመዱና ዘወር አሉ። "አዲሱን ግን አንቺ ነሽ የምትፈትይው። እስክትጨርሺ አልሞትልሽም።"

ሁለት ክረምት ፈተልኩ። ክሬ ይጎረብጥ ነበር፤ እሳቸው "ለአፈር ይበቃል" እያሉ ያፌዙብኝ ነበር።

እትዬ ሲያርፉ እኔ እዚህ ነበርኩ፤ አልደረስኩላቸውም። ጫልቱ ደውላ "አንቺ በፈተልሽው ነው የተገነዙት" ስትለኝ የዚያ ቀን ድንጋጤዬ መልሶ ያዘኝ። ያ ስሕተቴ ባይኖር ኖሮ እኮ በቀብራቸው ቀን ከእኔ የሆነ አንዳች ነገር አብሯቸው አይሆንም ነበር።

ከመጨረሻው ሙዳይ እጄን አወጣሁ።

"ባዶ ነው" አልኳቸው ሴቶቹን። "ይሸጥ።"