ማልያውን ለብሰን የተወገርንበት እሁድ

ሰው ሁሉ «ጨዋታው የተቋረጠበት እሁድ» ይለዋል። የተቋረጠው ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ጅማ ላይ እኛን የቡና ለቃሚ ሴቶችን የማንወደውን ክለብ ማልያ አልብሰው፣ በር ቆልፈው አስወገሩን። የቀኝ ዓይኔ እዚያ ቀረ። ይህን የሚጽፍ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ባወቅኳት ፊደል እኔው ጻፍኩት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የምንሠራበትን የቡና መጋዘን አንድ ኩባንያ ገዛው፤ ቀጥሎም የእግር ኳስ ክለብ አቋቋመ። የሰፈር ቡድኖች የሚጫወቱበትን ሜዳ በቆርቆሮ አጠረው። ተጫዋቾቹ ሁሉ ከሌላ አገር በአውቶቡስ የመጡ ናቸው፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ የጅማ ልጅ የለም። ከተማው ጠላቸው። ከየትም የመጣ ቡድን ጎል ሲያገባባቸው ጅማ ይጨፍር ነበር። እኔም አልወደድኳቸውም።

ኩባንያው ደጋፊ ሲያጣ ካቦውን ወደ እኛ ላከ። መሬት ላይ ተቀምጠን ጥቁሩንና የነቀዘውን ቡና ስንለቅም መጥቶ ማልያ አደለን።

«እሁድ ሜዳ ያልመጣች ሰኞ እዚህ አትምጣ! ነጠላም ሻሽም ማልያውን እንዳይሸፍንብኝ!» አለ።

ማልያው ሐምራዊ ነው፤ ለእኔ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል።

«ይሄን ለብሼ ባሌ ቢያየኝ ምን ይላል?» አለች አጠገቤ የምትለቅመው፣ ከሰቃ ከተማ የመጣችው ሴት።

«ግብ ጠባቂ አገባሁ ብሎ ይኩራ» አልኳት። ስቀን ከቀሚሳችን በላይ ለበስነው።

ያን እሁድ ተጋጣሚው ከጎረቤት ከተማ ከየቡ የመጣ ቡድን ነበር። ግማሹ ተጫዋች ከሜዳው የተባረረ የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ከተማው በሙሉ ለእነሱ ወጣ። እኛን ለብቻችን ከቆርቆሮው ሥር አስቀመጡን። ካቦው ጨዋታው ሳያልቅ እንዳንወጣ ከኋላችን ያለችውን ትንሽ በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለኩባንያው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ገባ።

«እልል በሉ!» አለን ካቦው።

አልን። እኔም ብያለሁ። እልልታው ሳያልቅ የመጀመሪያው ድንጋይ መጣ።

የኩባንያው ተጫዋቾች ወደ አውቶቡሳቸው ሮጡ፤ ካቦውም ቁልፉን እንደያዘ አብሯቸው ሮጠ። ፖሊሶቹ አውቶቡሱን ከበው የቀረበውን ሁሉ በዱላ ይሰብሩ ነበር። ወደ እኛ የመጣ የለም። ድንጋዩ ቆርቆሮውን እየበሳ ያልፋል፤ ያልበሳው ተመልሶ እኛን ይመታል። የሰቃዋ ሴት ጥርሷን ከነደሟ ተፋች። ጎረምሶች ተጠግተው «ባሲ! አውልቂ! ያወለቀች ትለፍ!» ይጮሃሉ። አንዳንዶቹ አውልቀው ወጡ፤ ሲያልፉም በጥፊ ይሏቸዋል።

«ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ እናውልቀው፤ ይገድሉናል!» አለችኝ የሰቃዋ ሴት።

«አንቺ አውልቂና ሂጂ። እኔ ካቦ ልበሺ ስላለኝ ለበስኩ፤ ዱርዬ አውልቂ ስላለኝ ደግሞ አላወልቅም!» አልኳት።

እውነቱን ካወራን የእኔንም ልናገር። ድንጋይ አንስቼ ወርውሬአለሁ። አንዱ ግንባሩ ተፈንክቶ ሲወድቅ አይቼ ደስ ብሎኛል። ለሁለተኛው ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔን አገኘኝ። ጉንጬ ላይ ሲፈስ ይሞቅ ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። «እማማ፣ እሁድ የሥራ ቀን አይደለም፤ በፈቃድዎ ነው የሄዱት» አሉኝ። ካቦው እዚያው ቆሟል። በጃንጥላዬ አንገቱን አልኩት፤ ዘበኞቹ ጎትተው ጭቃው ላይ ጣሉኝ። ቀበሌ ደግሞ «በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ማን እንደወረወረ በምን ይታወቃል?» አለኝ።

እኔ ግን አወቅኩ። ከግድግዳዬ ቀጥሎ የሚኖር አናጢ አለ፤ ለሰፈራችን ቡድን ሲጫወት የኖረ፣ እናቱን በእጄ የገነዝኩለት። ከዚያ እሁድ ወዲህ ሰላምታ ተወ፤ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። አንድ ጠዋት መሥሪያው በር ላይ ቆሜ «አንተ ነህ?» አልኩት። መላጊያውን ጥሎ በጓሮ ሸሸ።

ከሦስት ወር በኋላ ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። እንደ ወጋችን በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቆማል፤ ተበዳይ «አውርድ» ካላለች አያወርድም። ትልቅ ድንጋይ ነው የተሸከመው።

«ሳያይዎት ነው፤ ግርግር ነበር፣ ይማሩት» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እሱ ይናገር። አይተኸኝ ነው ሳታየኝ?»

«ይማሩኝ፣ እማማ።»

«ምሕረቱ ይደርሳል። የጠየቅኩህን መልስ።»

ሽማግሌው «ሳላይ ነው በል እንጂ አንተ!» ብለው በከዘራቸው ወጉት። «ሳላይ ነው» አላለም። እኔም «አውርድ» አላልኩም። አንገቱ ተንቀጠቀጠ፤ ድንጋዩ ቆዳውን ልጦት ደሙ ኮሌታው ላይ ወረደ። ጉልበቱ ሲከዳው ሽማግሌዎቹ «ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ በማርያም!» አሉኝ። አላዘንኩለትም። አውርድ ያልኩት ከመለሰልኝ በኋላ ነው። የመለሰልኝም ይህን ነው፦

«አይቼዎት ነው፣ እማማ። ተጫዋቾቹን አላውቃቸውም፤ ካቦውንም አላውቀውም። ከዚያ ሁሉ ሐምራዊ መሃል የማውቀው ፊት የእርስዎ ብቻ ነበር። እልል ሲሉ አየሁና እርስዎን መረጥኩ።»