ከግድግዳው ማዶ የነበረው ባንድ

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ሚኒባስ ተሳፍሬ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ስፒከሩን ከዚያው ወንበር ሥር ቀብሮታል። ሙዚቃውን ሲከፍተው ቤዝ ጊታሩ ከጆሮዬ በፊት ወገቤ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ጀርባዬ ወጣ። አጠገቤ የነበሩት እናት «ኧረ ቀንሰው ልጄ፣ ሆዳችን ተናወጠ» አሉ። እኔ ደግሞ እንዳይቀንሰው ፈራሁ። ዓይኔን ስጨፍን የላምባና የእርጥብ ጭቃ ግድግዳ ሽታ መጣብኝ።

ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር። አሁን ብትሄድ የምታየው ሰፊ መንገድና አዲስ የተተከለ ሣር ነው፤ በራችን የት ጋ እንደነበር እኔም በግምት ካልሆነ አላውቀውም። አንዲት ክፍል ነበረች፣ መሃሏ በመጋረጃ የተከፈለ። ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ ይተኛል። ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡን ከተመታ ወዲህ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። እናቴ ጠዋት አጥባውና አብልታው አትክልት ተራ ትወርዳለች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ የላቸውም።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ከራሱ ገላ ጋር እንኳ ይተፋፈራል፤ እኔ ደግሞ የአባቴን አንሶላ መቀየር ነበረብኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና «ይቅር በይኝ ልጄ» ይለኛል። ያንን ቃል እንዴት እንደምጠላው። እሱ ድምፁን አፍኖ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ፤ እኔ በንዴት ባልዲውን ሳንኳኳው እሱ ይሰማኛል። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የሱ ማፈርና የኔ መማረር የሚሸሸጉበት ጥግ አልነበራቸውም።

ባንዱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከግድግዳችን ማዶ የነበረውን ባዶ መጋዘን አራት ወጣቶች ተከራዩት፤ ከበሮ መቺ፣ ጊታር ተጫዋች፣ ቤዝ ተጫዋችና አንዲት ዘፋኝ። የባንዱን ስም በየወሩ ስለሚቀያይሩ ሰፈሩ ተስፋ ቆርጦ «ልጆቹ» ብሏቸው ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ናይት ክለብ ይሠራሉ፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጀምረው እስኪመሽ ይለማመዳሉ። ልክ በኔ ተራ።

ሲጀምሩ ግድግዳው ይርገበገብና የጭድ ብናኝ አባቴ ትራስ ላይ ይራገፋል። ያኔ ባልዲውን አነሳለሁ። ምን ልበልህ፣ ሙዚቃው ቤቱን ከሞላው በኋላ እሱ ቢያለቅስም አልሰማውም፣ እኔም ባማርር እሱ አይሰማኝም። አንሶላውን ቀይሬ ስጨርስ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እቀመጣለሁ፤ ቤዙ አከርካሪዬን እየነካካ ያልፋል። ትምህርት ቤት የምሸት እየመሰለኝ ከሰው ርቄ የምቆም ልጅ፣ እዚያ ስቀመጥ እንደማንኛዋም ልጅ እሆን ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ «ያ ከበሮ መቺ ዛሬም ቸኮለ» አለ። እውነቱን ነበር፤ ልጁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሌሎቹን ጥሏቸው ይሮጣል። ሁለታችንም ሳቅን። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ «ይቅር በይኝ» ማለቱን ተወና ከበሮ መቺውን ማማት ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ጊታሮቹ ዝም ይላሉ፣ ከበሮው ብቻውን ይቀራል። «አሁን የሚይዘው የለም» ይላል አባቴ።

አባቴ ክረምቱ ሲገባ ብርዱ ደረቱን ያዘውና ሞተ። ድንኳኑ መተላለፊያው ላይ ተተከለ። ልጆቹ አግዳሚ ተሸከሙ፣ ዝናቡ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩ፣ ዘፋኟ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። ሬዲዮናችን በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ሰልስት አለፈ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ባዶው አልጋ አጠገብ ጀርባዬን ለጥፌ ጠበቅኩ። ከማዶ ምንም የለም። በማግስቱም ምንም የለም። ጠዋት ጠዋት በር ሲከፍቱ፣ በሹክሹክታ ሲያወሩ እሰማለሁ። ለእኛ ሲሉ ነበር ዝም ያሉት። እኔ ደግሞ ያለ እነሱ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

ቦኖ ላይ ቤዝ ተጫዋቹን አገኘሁት። ጀሪካኔን ተቀብሎ ይቀዳልኝ ጀመር። «ልምምድ መቼ ትጀምራላችሁ?» አልኩት።

ፊቱ ቅጭም አለ። «በዚህስ አትስጊ እህቴ። ተነጋግረናል፤ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አንዲት ክር አንነካም። አባትሽ እኮ ለኛም አባት ነበሩ።»

እንዳይጀምሩብን ፈርቼ የጠየቅኩት መስሎታል። ተጫወቱልኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ከኋላዬ የሰፈሩ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ራሴ ላይ ጥቁር ሻሽ አስሬያለሁ። አባቷ አፈር ሳይጠግብ ሙዚቃ አማራት ሊሉኝ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

ባንድ ደግሞ ሳይለማመድ አይኖርም። ከአርባው በኋላ ከከተማው ሌላ ጫፍ ቤት አገኙና ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ ጫኑ። ከበሮው በላስቲክ ተሸፍኖ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። እናቴ «ሐዘናችንን አከበራችሁልን፣ የልባችሁን ይስጣችሁ» ብላ መረቀቻቸው። እነሱም ጎንበስ ብለው አሜን አሉ። ሁሉም ሰው ደግ ነበር፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ። በኋላ ላፈላልጋቸው አስቤ ነበር፣ ግን በየትኛው ስማቸው?

ከሚኒባሱ ወርጄ ኮንዶሚኒየም ስደርስ እናቴ መስኮቱ ሥር ምስር ትለቅማለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ትሪውን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋዋለች። ሙዚቃ ስሰማ መጣሁ፣ ልጆቹ ትዝ አሉኝ አልኳት።

«እነሱንማ እንዴት እረሳለሁ» አለች። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና «ዝም ያሉ ጊዜ ያባትሽ ሞት ያን ቀን ነው የገባኝ። ምነው በጀመሩ፣ ምነው በጀመሩ እላለሁ ስተኛ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን መርቀሽ ሸኘሻቸው?»

«አንቺ እያለሽ? አባትሽን ቀብረሽ ኩርምት ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ተጫወቱ ልበል? ለልጄ ሐዘን ብዬ ነዋ።»

እኔም እንደ እሷ ምነው በጀመሩ እል እንደነበር ነገርኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«አልነገርሽኝም» አለች።

«አንቺም አልነገርሽኝም» አልኳት።

ትሪውን ወደኔ አስጠጋችልኝ፤ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።