የአባቴ እግር ሙቀት

ሙቀት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ ጎንደር አራዳ ውስጥ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የሞቀው ነገር ሞለኪውሎች በፍጥነት ይንቀጠቀጣሉ፤ የቀዘቀዘውን ሲነኩ የዚያኛውን ዝግተኛ ሞለኪውሎች እየገጩ እንቅስቃሴያቸውን ያካፍሏቸዋል፤ ሁለቱ እኩል እስኪሞቁ ድረስ። ተማሪ አልገባኝም ሲለኝ ቱግ እል ነበር። አሁን ግራ የገባኝ እኔ ነኝ።

አባቴ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡበት ከመካነ ብርሃን መጥቶ እኔ ቤት ተኛ። ብርድ አጥንቴ ድረስ ገባ ሲለኝ አፌ አያርፍምና፣ ብርድ አይገባም፣ ሙቀት ነው የሚወጣው አልኩት። በዚያ ድካሙ ሳቀብኝ።

«ምነው፣ ታዲያ በሩን ስለምን ትዘጋለህ?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን ሲስቅ ማየቱ ስለበለጠብኝ ተውኩት።

አንድ አደራ ብቻ ሰጠኝ። በእነሱ አገር ሞት ከእግር ይጀምራል ይላሉ፤ ስለዚህ እግሬ ሲቀዘቅዝ የነፍስ አባት ጥራልኝ፣ ሳልናዘዝ እንዳልሄድ አለኝ። አሁኑኑ ልጥራ ስለው ተቆጣ፤ ምን አስቸኮለህ አለኝ። የሚያናዝዙት ቄስ ጎረቤታችን ስለነበሩ እኔም አልተጨነቅኩም።

በመጨረሻው ቀን ከማለዳ ጀምሮ ከግርጌው ተቀምጬ፣ እጆቼን በጋቢው ስር ሰድጄ ሁለቱን እግሮቹን ያዝኩ። እንዳያመልጠኝ ብዬ አንዴም አልለቀቅኳቸውም። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ያሉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ወዲያው ሞቅ አሉ። እፎይ አልኩ። ተኝቷል ብዬ የማወራለትንም በሹክሹክታ አደረግኩ።

ረፋዱ ላይ እህቱ፣ አክስቴ፣ አጥሚት ይዛ ገባች። ግንባሩን ዳበሰችውና ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ለምን ቄሱን አልጠራህም አለችኝ።

«እግሩ እኮ ገና ይሞቃል» አልኳት። ተናደድኩባት።

ጋቢውን ገልጣ አንድ እጄን ከእግሩ አላቀቀችና ከፍ አድርጋ ቅልጥሙን አስነካችኝ። ቀዝቅዟል።

«ይኸ ያንተው ሙቀት ነው፣ ልጄ።»

ያን ትምህርት ዛሬም አስተምራለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ቀስቱን ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስስል እጄ ይቆማል። መቼ ነው የእሱ ሙቀት አልቆ የእኔን ብቻ ይዤ የቀረሁት? ስንት ሰዓት ነው የራሴን ሙቀት ስዳብስ የቆየሁት? አላውቅም፤ ማንንም ብጠይቅ አይነግረኝም። ቄሱ የመጡት ሊያናዝዙት ሳይሆን በጸሎተ ፍትሐት ሊፈቱት ነው።