የእህቴን ልጅ የወደደችብኝ ሶሻል ወርከር

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ እዚሁ ሆሳዕና ነው። የማልረሳው እውነቱ የኔ ሆኖም ቅናቱ ስላልለቀቀኝ ነው።

እህቴ ስትሞት ልጇን ኤልሻዳይን እኔ ወሰድኳት። አባቷ እንደ ሰፈራችን ወንድ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነው። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚከታተል አንድ ድርጅት ሄለን የምትባል ሶሻል ወርከር መደበልን። ሄለን እኩያዬ ናት። እሷ ዲግሪ አላት፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቀርቻለሁ። የምናመልከውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

መጀመሪያ በወር አንዴ ትመጣ ነበር። ቆየት ብሎ በየሳምንቱ ሆነ። ከዚያ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ኤልሹን ቤቷ ይዛት መሄድ ጀመረች። ልጅቷ ጠግባ ስትመለስ የኔን ምግብ ዞር ብላ አታየውም። አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራት፣ "ሄሉ ስትሠራኝ አያመኝም" አለችኝ። ማበጠሪያውን ወርውሬ ወጣሁ።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ግን አባቷ ደውሎ፣ "ሄለን ልጅቷን እኔ ላሳድጋት ብላኛለች፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?" ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁበት። አያያዜን ልታይ የመጣች ሰው ለካ ልጅ ስትመኝ ኖራለች! ስለ እኔ ቤት ለድርጅቱ የምትናገረው ታዲያ ለማን ብላ ነው?

በነጋታው ቢሯቸው ሄድኩ። ኃላፊው በትህትና ሰማኝና፣ "የአንድ አጥቢያ ልጆች አይደላችሁ? መጀመሪያ በሽማግሌ እዩት" አለኝ።

"ነርስ ብታጠፋ የሥራ ፈቃዷን የሚነጥቃት አለ። ሶሻል ወርከር ብታጠፋስ?" አልኩት።

"እሱን እንጃ እህቴ" አለኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስቀመጡን። ከጸሎት በኋላ፣ "እህትማማቾች ናችሁ፤ በሉ ይቅር ተባባሉና ተቃቀፉ" አሉን። ሄለን አለቀሰች። "ስለምወዳት ነው" አለች። ሁሉም አዘኑላት። እኔን ዞር ብሎ ያየ የለም።

"አልተጣላንም፤ ምኑን ነው የምንታረቀው?" አልኩ። "ቀንቻለሁ፣ አዎ። ግን አባቶቼ፣ ጃጁራ ገበያ ደላላው በሬ እያሻሻጠ ራሱ ይገዛል? ቢገዛስ የተናገረውን ዋጋ ማን ያምነዋል? ወይ ትከታተለን፣ ወይ ልጅ ትፈልግ። ሁለቱን አንድ ላይ እኔ ቤት አይሆንም!"

ከብት ነጋዴ የሆኑት ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። "ይቺ ምላስ! ግን እውነቷን ነው" አሉ። "ይሄ የእርቅ ነገር አይደለም። ሌላ ሠራተኛ ይመደብላት።"

ቢሮ ድረስ አብረውኝ ሄደው ተናገሩልኝ። ሄለን የእኛን ቤት ከመከታተል ተነሳች። የኤልሹ አባትም፣ "እንግዲያው አንቺው ጋ ትሁን" አለ።

አሁን የሚመጡት አንድ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ጠይቀው፣ ልጅቷን አይተው ይሄዳሉ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ነገም ቢመጣብኝ ያንኑ አደርጋለሁ። ሕግ ሊዳኘው የሚገባ ነገር በአንድ ሽማግሌ ቅንነት መዳኘቱ ግን እስካሁን ያናድደኛል። እሳቸው ያን ቀን ባይኖሩስ?

እሁድ አምልኮ ሲያልቅ ኤልሹ እጄን ለቃ ወደ ሄለን ትሮጣለች። ከልክያት አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ አንጀቴ እርር እያለ።