እናቱስ የማን ልጅ ናት?

ልጅ ሳለሁ ካሊፎርኒያ፣ ሄይዋርድ ከተማ ውስጥ የምንኖርበት ቤት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ በአንዱ በኩል እኔ፣ እናቴና ከጎጃም የመጡት ወንድ አያቴ፣ በሌላው በኩል ዶሪን የሚባሉ ነጭ አውስትራሊያዊት አሮጊት እንኖር ነበር። ጓሮው የጋራ ነው። እናቴ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ ሲጠራ ስለማትወድ «እማማ ዶሪን በያቸው» አለችኝና በዚያው ቀረ። ሴትዮዋ ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ፖስታ ለሚያመጣው ሰው ሳይቀር «እማማ ነኝ» ይሉት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሻሽ እማማ ዶሪን በግማሽ በርሜል እሳት ያነዳሉ፤ ነበልባሉ በርዶ ፍም ብቻ ሲቀር ሊጡን አመዱ ውስጥ ይቀብሩታል። ያገራቸው የገበሬ ዳቦ ነው። አያቴ መጀመሪያ የቀመሱ ዕለት አመዱን እፍ እፍ ብለው ቆረሱና «ይሄማ የኛው ነው፣ ጨው አነሰው እንጂ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወንበራቸውን ይዘው ሳይጠሩ የሚመጡ ሆኑ፤ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ በረንዳው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያሳየችን፣ እስከ እራት ሰዓት እንቀመጥ ነበር።

ያኔ ተረት የምሰማው ከእማማ ዶሪን ነው። ተረታቸው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ቅድመ አያታቸው ቶማስ። ቶማስ በመርከብ አውስትራሊያ ገብቶ፣ ማንም ያልነካውን ጫካ መንጥሮ፣ ስንዴ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ፣ በጎቹ በድርቅ ሲያልቁበት ከዜሮ የጀመረ ሰው ነው። እኔ ለአያቴ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ እተረጉማለሁ። «አባባ፣ በጎቹ ዳይ አደረጉ» ስል፣ «ሞቱ በይ! ሞት ደግሞ ምኑ ይደረጋል?» ይሉኛል።

እኔ የምወደው የቃጠሎውን ነበር። ቶማስ ገበያ በሄደበት ሰደድ እሳት እርሻውን ይከባል፤ ሚስቱ ልጆቿን እርጥብ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ በጭሱ መሃል እየመራች፣ በድርቅ ጊዜ እንኳ ወደማይደርቅ ኩሬ ወስዳ ታተርፋቸዋለች። እዚህ ላይ ሁልጊዜ «ስሟስ?» እላለሁ። እማማ ዶሪንም ሁልጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መቃብሩ ላይ የተጻፈው «ቶማስና ሚስቱ» ብቻ ነው። ለዓመታት አፈላልገው አላገኙትም።

አንድ ዓመት ሐኪሙ ለእማማ ዶሪን ልባቸው እየደከመ መሆኑን ነግሯቸው፣ ከእንግዲህ አንድ የረጅም መንገድ ጉዞ ቢችሉ ነው ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ጉዞውን አውስትራሊያ ሄደው አዲስ የመቃብር ድንጋይ ለማስቆም ሊያውሉት ወሰኑ። «ልጆቿን ከእሳት ያወጣች ሴት ያለ ስም አትተኛም» አሉን። «ስሟን ሳላስቀርጽ አልሞትም።»

አያቴ ደግሞ ወጣትነታቸውን የጨረሱት በርስት ክርክር ነው። በዚያ ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያው ባለመሬት ጋ እስኪደርስ ድረስ ትውልዱን በአባቱም በእናቱም መቁጠር ነበረበት፤ አንድ ሰው ከዘለለ ተረታ ማለት ነው። ስለዚህ አያቴ ተረትም የሚሰሙት እንደ ዳኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቃጠሎው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ቆይ፣ ጠይቂልኝ። በድርቅ የማይደርቅ ውሃ መኖሩን ሴትዮዋ በምን አወቀች? ባሏ የሚያውቀው ቢሆን በጎቹ ባላለቁ።»

ጠየቅኩላቸው። እማማ ዶሪን ያንን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። «ዝም ብላ ታውቃለቻ» አሉ።

«አገሩ አገሯ ቢሆን ነዋ!» አሉ አያቴ። «ቶማስን ትተሽ ከእሱ የተወለደውን ልጅ ያዢ በያት። እናቱስ የማን ልጅ ናት? ከእሷ ወገን የቀረ ሰው የለም?»

ዳቦው አመዱ ውስጥ ሲያር ሸተተን፣ ማንም አልተነሳም። እማማ ዶሪን ቀስ ብለው ነገሩን። ጆይስ የምትባል ዘመድ አለቻቸው፤ ከቶማስ የመጨረሻ ሴት ልጅ የምትወለድ። የጆይስ ቤተሰቦች ጥቁር ናቸው፤ ነጮቹ ሳይመጡ አገሩ ላይ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ወገን። የእማማ ዶሪን አባት «እነሱ ከጥቁር ጋር የተጋቡ ናቸው፣ የኛ አይደሉም» ብሎ ልጆቹን ከእነሱ ጋር እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነው ያሳደጋቸው። እኔ ልጅ ነኝ፣ የሰማሁትን እንዳለ ተረጎምኩት፤ እናቴ በዓይኗ ስታስጠነቅቀኝ አይቼ እንኳ አላቆምኩም።

አያቴ አልተቆጡም። «እንግዲያው አባቷ ዋሽቷታል» አሉ። «ጥቁረቱ በጋብቻ የገባ አይደለም፤ ከዚያችው ሴት ነው። ያቺ ሴት ደግሞ የእሷም ቅድመ አያት ናት። ንገሪያት።»

ስነግራቸው እማማ ዶሪን እጃቸውን በመብራቱ በኩል ገልብጠው አዩት፣ አፈሩና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የጆይስን ስልክ ከዘመድ ከተቀበሉ ቆይተዋል፤ ደውለው ግን አያውቁም። «ትዘጋብኛለች» አሉ።

«ትዝጋው» አሉ አያቴ። «እንደገና ይደወላላ!»

እናቴ ገብታ የስልክ ካርድ ይዛ መጣች፤ አያቴ በየወሩ ጎጃም ላለችው እህታቸው የሚደውሉበት ነው። እኛ ጋ ሊመሽ ሲል አውስትራሊያ የማግስቱ ቀትር ስለሆነ ሰዓቱ ጥሩ ነበር። ጆይስ እውነትም ዘጋችው። አያቴ በአገጫቸው ስልኩን አሳዩ፣ እናቴ ቁጥሩን እንደገና መታችው። ጆይስ ስታነሳው እማማ ዶሪን «አባቴ ያደረገውን ዛሬ ገና ነው የገባኝ። ስሟን ባትነግሪኝም ግዴለም፣ ይቅርታ ልልሽ ነው የደወልኩት» አሉ።

ጆይስ ስትመልስ ድምጿ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። «ስሟ መቼ ጠፋ? እኛ እኮ አለን። የጠየቀን ነው የጠፋው።»

ከዚያም ስሙን ነገረቻቸው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የእነሱ ነው። ድንጋዩ ላይ ይቀረጽ እንደሆነና እንዴት እንደሚቀረጽ የሚወስኑት የእሷ ወገኖች ተሰብስበው መሆኑንም ጆይስ አስረግጣ ተናገረች። እማማ ዶሪን «እናንተ ወስኑ፣ እኔ ወንበር ስጡኝና ልቀመጥ» አሏት። ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ ተመለሱ። ድንጋዩ ላይ የእሷ ስም ከቶማስ በላይ መቀረጹን ሲነግሩን እንደ ልጅ እየሳቁ ነበር።

እኔም በዚያ ደስታ ተገፋፍቼ «አባባ፣ የእርስዎስ? የአያትዎ እናት ማን ይባላሉ?» አልኳቸው። አያቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው መቁጠር ጀመሩ። አባቶቹን አንበለበሏቸው፤ መሬት ያመጡትን እናቶችም ጠሩ። እሷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ጀመሩ፣ አሁንም እዚያው ቆሙ።

«እሷ መሬት አልነበራትም» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መሬት የሌላትን ማን ይቆጥራታል?»

እንደዚያ አፍረው አይቻቸው አላውቅም። በማግስቱ ካርድ አስገዝተው ለእህታቸው ደወሉ፣ እህታቸው አታውቅም። በወሩ ለሌላ ዘመድ ደወሉ፣ እሱም አያውቅም። በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ እንኳ «እስቲ የአጥቢያችንን ደብተራ ጠይቁልኝ» ይሉን ነበር። ሳያገኙት ሞቱ፤ አዘንኩባቸው ሳይሆን አዘንኩላቸው።

አሁን ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፤ ልጄ የቃጠሎውን ተረት በእንግሊዝኛ ንገሪኝ ትለኛለች፣ በአማርኛ እነግራታለሁ። ቶማስ ስንት ዛፍ እንደቆረጠ ረስቼዋለሁ። ያቺ ከጎጃም የሆነች ስሟን የማላውቃት ሴት ግን እኔንም ልጄንም ወልዳለች፣ ይሄን መርሳት አልቻልኩም። ስለዚህ እደውላለሁ። ያነጋገርኳቸው ሁሉ «እኔስ አላውቃት፣ ልጄ» ይሉኛል። «እንግዲያው ማን ያውቃል?» ብዬ የሚቀጥለውን ሰው ስልክ እቀበላለሁ።